የላላው መዝጊያ

ጉባ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የሺሀረግ አሻግሬ
ባምባሲ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ለምቀኛ አይሰጠውና ደህና ነኝ። የጉባ ሙቀት ብረት ያቀልጣል ይላሉ። እኔን ግን ከአንቺ ጋር የኖርኩት ትዳር ቀድሞ ስላቀለጠኝ ለሙቀቱ የተረፈ ነገር የለኝም።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሀብቱ አሶሳ ላይ ለመሥሪያ ቤታችን መኪና ሰጥቶልኝ ደረሰኝ። ሽማግሌዎቹ «በስልክ መሰዳደብ እንጂ መነጋገር አልቻላችሁም፤ ከእንግዲህ ጉዳይ ያለው ይጻፍ» ብለው የፈረዱብን ዕለት ስቄ ነበር። ሁለት ዓመት አንድ መስመር ሳትጽፊ ኖረሽ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ስለ ጠመንጃ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ሳቅሁ። ለእኔ አስበሽው ከሆነ ጉባ ሩቅ ነው፤ ያልሽው ትንሽ መሣሪያ አይደርስም።

ዝንጀሮ በቆሎሽን ፈጀው፣ ጅግራም ዘሩን እየጫረ አወጣው ብለሻል። እሺ፣ ልመንሽ። «በጦር ሠራዊቱ የኢላማ ቡድን የነበርክ ስለሆንክ ከአንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም» የምትለዋን ስትጽፊ ግን እጅሽ ሳይተሳሰር አልቀረም። ደግመሽ ብትጽፊልኝ አልጠላም።

እንግዲህ ስሚ። ጠመንጃ ይዞ ለማያውቅ ሰው የሚሆነው ሃያ ሁለት የሚባለው ትንሹ ነው። ጥይቱ ከባቄላ ብዙም አይበልጥ፤ ትከሻ አይመታ፤ ድምፁም ጆሮ አይበጥስ። ጅግራ ይጥላል፣ ዝንጀሮ ያባርራል፣ ለኢላማ ልምምድ ደግሞ ተወዳዳሪ የለውም። ከርከሮ ላይ አይሞከርም፤ የቆሰለ ከርከሮ እንደ እኔ ዝም ብሎ አይሄድልሽም። ሰደፉ በክንድሽ ልክ ይሁን፤ ከረዘመ አንገት ያሰግጋል። ማጉያ መነጽር አትግዢ፤ ጀማሪ በብረቱ ማነጣጠሪያ ነው የሚለምደው።

ጋሽ ሙዐዊያ የሚሸጣቸው ሁለት ናቸው ብለሻል። አንዱ ከባድ፣ ለመቀባበል ጉልበት የሚጠይቅ። ሌላው ቀላልና የሚያምር፣ ነገር ግን ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት ተዘግቶም የሚወዛወዝ፣ ባዶው ቀለህም ሆዱ አብጦ የሚወጣ። የትኛውን ልውሰድ ላልሽው፣ ቀላሉን ውሰጂ። መዝጊያው የላላው ብዙ ስለሠራ ነው፤ የተገራ በቅሎ ማለት ነው። የቀለህ ማበጥ ምንም አይደለም። ለሴት እጅ የሚሆነው እሱ ነው።

ሎዛ ለምን አትጽፍልኝም? ልጄን ያስኮረፍሻት አንቺ ነሽ ወይስ ወንድምሽ እንዳለ? በገበያ ቀን ልብሴን ከደጅ አውጥታችሁ ጭቃ ላይ ስትዘረጉት እሷ የት እንደነበረች አላውቅም። እንዳለ ግን ኮቴን በእንጨት አንሥቶ እንደ ሞተ እባብ ለመንደሩ ሲያሳይ አይቼዋለሁ። መንደሩም ሲስቅ ሰምቻለሁ።

ጌትነት


ባምባሲ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጌትነት

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል።

ምክርህ ደርሶኛል፤ ለእሱ አመሰግናለሁ። ፈቃዱን ጨርሼ ቀላሉን ገዝቻለሁ። ጋሽ ሙዐዊያ ግን እንቢ ብሎኝ ነበር። የድሮ አዳኝ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሁለቱንም አልጋው ላይ አጋድሞ፣ እንደ ልማዱ እኔኑ እንደ ወንድ እየጠራ፣ «አንተ የሺ፣ ከባዱን ውሰድ። ይሄኛው ለግድግዳ ነው፣ አፉ ጥርቅም አይልም» አለኝ። እኔ ደግሞ «ባሌ በኢላማ ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው፤ ከአንተ እሱ ያውቃል» አልኩት። «ባሌ» የሚለው ቃል ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም ገርሞኛል። ሽማግሌው ትከሻውን ሰበቀና ሰጠኝ።

ጠመንጃው ለእኔ እንደሆነ ማን ነገረህ? ለማን እንደሆነ አሁን አልነግርህም። ጊዜው ሲደርስ ስትሰማ ደስ ይልሃል። ይህን የምጽፈው አንተን ላስደስት ፈልጌ አይደለም፤ ቃል ስላስገቡኝ ነው። ብቻ እስካሁን ማንጎው ዛፍ ላይ የተሰቀለች ቅል ተመትታለች፤ ከዝንጀሮዎቹም ትልቁ አንድ ቀን ተኩሱን ሰምቶ ከነዘመዶቹ ወደ ወንዙ ወርዷል። ለመልመድ በቀን ምን ያህል መተኮስ ይገባል? ጉንጭና ዓይንስ እንዴት ነው የሚያዙት? ይህን ጠይቂልኝ ተብያለሁ።

የኮትህን ነገር አነሣህ። እንዳለ ኮትህን በእንጨት ያነሣው፣ አንተ የፊት ጥርሴን በጡጫ ካወለቅህ በኋላ ነው። ያን መንደሩ አላየም፤ በር ዘግተህ ስለነበረ። እንዳለ ግን በመስኮት አይቷል።

ሎዛ ደህና ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ተፈትና ውጤቷን እየጠበቀች ነው። አላስኮረፍኳትም። ስምህን ስጠራ ፊቷን የምታዞረው እኔን ለማስደሰት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ማልቀሷን ለመደበቅ እንደሆነ አውቄያለሁ።

የሺሀረግ


ጉባ፣ መስከረም 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺሀረግ

እንኳን አደረሰሽ። ዘመኑ የሰላም፣ የጤና፣ ጥርስሽም የሚበቅልበት ይሁንልሽ።

ነገሩ ገብቶኛል። «ጠይቂልኝ ተብያለሁ» ስትይ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገኝም። በሕይወቱ ከወንጭፍ በላይ መሣሪያ ያልያዘ፣ አዳኝ ልባል ብሎ የተነሣ፣ ከእኔ ለመማር ግን አፍ የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። «ስትሰማ ደስ ይልሃል» ማለትሽም ሽሙጥ መሆኑ ነው። ይሁን፤ እንዳለ ተኳሽ ሲሆን ማየት እኔንም ደስ ይለኛል። ኮቴን የያዘበት እጁ ጠመንጃም ሳያምርበት አይቀርም።

ስለዚህ እንዲህ በይው። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አጣብቆ ያስተኛ። ቀኝ ዓይኑ ከመዝጊያው ጀርባ ቀጥ ብሎ፣ በተቻለው መጠን ተጠግቶ ይሁን፤ የሚርቅ ፈሪ ብቻ ነው። መነጽር ምናምን አያጥልቅ። ሲተነፍስ ይጠብቅ፣ ትንፋሹን ግማሽ ላይ ይያዝ፣ ቃታውን እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ይሳብ። በቀን ብዙ ይተኩስ፤ ጥይት አይሰስት። ቀለሁ አብጦ ቢወጣ፣ ቢሰነጠቅም እንኳ ይቀጥል። መሣሪያ የሚለመደው በብዛት ነው።

ሥራ በዝቶብኛል። እዚህ ግምጃ ቤት ውስጥ ከብረት በቀር የሚያናግረኝ የለም። ማታ ግድቡን ከሩቅ እያየሁ የማስበው ሎዛን ነው። ለእሷ የሚሆን ሰዓት ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ በጥምቀት ይዤ እመጣለሁ። በአንቺ ደጅ አልገባም፤ መንገድ ላይ ታግኘኝ። ሌላ ምንም ነገር ካንቺ አልፈልግም፣ ይህችን ብቻ ንገሪልኝ።

ጌትነት


ባምባሲ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጌትነት

መልስ ያዘገየሁት ቤት ስላልነበርኩ ነው። ይቅርታ።

የጻፍከውን ለተኳሹ አነበብኩለት። በጣም ደስ አለው። «ድጋሚ አንብቢው» ብሎኝ ደጋግሜ አነበብኩለት። በነጋታው ማንጎው ሥር ተንበረከከ፤ እንዳልከው ጉንጩን አጣብቆ አስተኛ፣ ዓይኑን አስጠጋ፣ መነጽርም አላጠለቀ። ቅሏን መታ። ደግሞ መታ። ቀለሁ ተሰንጥቆ ሲወጣ እኔ «ይብቃ» አልኩ፤ እሱ «ይቀጥል ብሏል እኮ» አለኝ።

ቀጥሎ የተተኮሰው ጥይት ከኋላ ፈነዳ። መዝጊያው አልያዘውም። እሳቱና የነሐሱ ስባሪ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ተኳሹ ዞረ። ባምባሲ «ከእኛ በላይ ነው» አሉን፤ አሶሳም እንደዚያው፤ ጅማ ወስደን ቀኝ ዓይኑን አወጡት። ግራው ተርፏል።

ሎዛ ደህና ናት፤ አሁን ልትጽፍልህ ግን አይመቻትም።

ጋሽ ሙዐዊያ የፈነዳውን ቀለህ መዳፉ ላይ አድርጎ «እኔ ተው አልኩ፣ አንተ አልሰማ፣ አንተ አልሰማ» እያለ አለቀሰ። ተው ማለቱን የሰማነው ግን እኔና እሱ ብቻ ነን። መንደሩ የተበላሸ መሣሪያ የሸጠ እያለ ይረግመዋል። ለመስገድ እንኳ ከቤቱ አይወጣም።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ጠመንጃውን በዓይንህ አላየኸውም፤ ያየኸው የእኔን ጽሑፍ ነው። ከሠራዊቱ ከወጣህም ብዙ ዘመን ሆኖሃል። ረስተህ፣ ተሳስተህ ነው የመከርከን? «ተሳስቻለሁ፣ ያን ያህል አላውቅም ነበር» ብለህ ብትጽፍልኝ ለሽማግሌዎቹ አሳያለሁ። ጋሽ ሙዐዊያም ነፃ ይወጣል፤ አንተንም የሚወቅስህ የለም። ሰው ይሳሳታል።

የሺሀረግ


ጉባ፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺሀረግ

እግዚአብሔር ይማረው። ዓይን ሁለት የተደረገው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ከእንግዲህ በሰው መስኮት ሲያይ በግማሹ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ተሳስቻለሁ እንድል ትፈልጊያለሽ። እኔ፣ የሻለቃው መሣሪያ ሲበላሽ ከእንቅልፌ እየተጠራሁ የምፈታና የምገጥም ሰው፣ ስለ አንድ ትንሽ ሃያ ሁለት «አላውቅም ነበር» ብዬ በፊርማዬ ላረጋግጥ? ያን ወረቀት በባምባሲ ገበያ እያዞርሽ «ጌትነት የሚሉት ተኳሽ መዝጊያ እንኳ አያውቅም» ልትይበት?

በመሣሪያ ተሳስቼ አላውቅም። የላላ መዝጊያ ቀለህ ያሳብጣል፣ ያበጠ ቀለህ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ወደ ኋላ ይፈነዳል። ይህን ምልምል ወታደር ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ ለአንቺ መስሎኝ ነበር፤ ፊትሽ በጭስ ጠቁሮ ቅንድብሽ ነድዶ፣ መንደሩ አንድ ቀን እንኳ በአንቺ ቢስቅ ብዬ ነው። ለእንዳለ መሆኑን ስረዳ ግን የተሻለ አሰብኩለት። ዓይኑን እንዲያስጠጋ የነገርኩት እንዲያስጠጋ ነው። መነጽር እንዳያደርግ ያልኩትም እንዳያደርግ ነው። አውቄ ነው። ገብቶሻል? አውቄ ነው።

ሙዐዊያ ትክክል ነበር። ሽማግሌውን አትክሰሱት፤ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው አከብራለሁ። ለእንዳለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ካላየው በጆሮው ይስማ።

ሎዛ ምን ሆና ነው የማይመቻት? ውጤቷ መጥፎ ሆኖ ከሆነ አይክፋት በያት። ሰዓቱ ቀይ ማሰሪያ አለው፤ እንደምትወደው።

ጌትነት


ባምባሲ፣ ኅዳር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጌትነት

እንዳለ ሰላምታህ ደርሶታል። በሁለት ዓይኑ ነው ያነበበው።

ጠመንጃው የሎዛ ነበር።

በሰኔ አሶሳ የኢላማ ተኩስ ቡድን ይቋቋማል፣ ልጆች እየመረጡ ነው ሲባል ሰምታ መጣች። «የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ይህን እችላለሁ» አለችኝ። ጠይቂው፣ ለእኔ መሆኑን ግን አትንገሪው፣ ከተመረጥኩ በኋላ ጠርቼው መጥቶ ያየኛል ብላ አስማለችኝ። እናንተም ስትጻጻፉ ትታረቃላችሁ ብላለች። የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ስድቡን እየዘለልኩ ምክሩን ብቻ ነው ያነበብኩላት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ጉንጯን ሰደፉ ላይ ስታስተኛ «አባ እንዳለው፣ እንዲህ ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ጅማ እያለን፣ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ «አባ ተሳስቶ ነው አይደል?» አለችኝ። እኔ አልተሳሳትክም ብዬ ጠረጠርኩ። ቀጥታ ብጠይቅህ እንደምትዋሸኝ ደግሞ አውቃለሁ። የልጅህ ዓይን መሆኑን ብታውቅ በመስቀል ትምል ነበር። ስለዚህ እንደ ወንድ አድርጌ ጻፍኩልህ። ጋሽ ሙዐዊያ እኔን እንደሚጠራኝ ማለት ነው። «አላውቅም ነበር» በል ስልህም ልታረቅህ አልነበረም። አላዋቂ ከመባል ነፍሰ ገዳይ መባል እንደሚሻልህ፣ አብሬህ የኖርኩ ሰው ነኝና አላጣሁትም።

ደብዳቤህ ሲመጣ ሎዛ አልጋዋ ላይ ነበረች። «አንብቢልኝ» አለች። ይህን ጊዜ ምንም አልዘለልኩም። «አውቄ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሣች፤ ላቁም ብዬ ስጠብቅ ግን «ቀጥዪ» አለችኝ። ቀይ ማሰሪያው ድረስ አነበብኩላት።

ከዚያ በኋላ ለሽማግሌዎቹም፣ ደጃችን ለተሰበሰበውም ሕዝብ አነበብኩት። ጋሽ ሙዐዊያ ከቤቱ ወጥቷል። ሰዎች እጁን እየሳሙ ይቅርታ ጠየቁት።

አሁን ሳቅ።

የሺሀረግ


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየሺሀረግ

እንደምን አለሽ ለማለት አፍ የለኝም።

ሥራውን ትቼ መጥቻለሁ። ሀብቱን መነኸሪያ አግኝቼው ሎዛ ከባምባሲ ወጥታ አሶሳ አክስትሽ ሰብለወንጌል ቤት መግባቷን ነገረኝ። ሲነግረኝ ፊቴን አላየም። ከመኪናው ወርዶ ጎማውን እየነካካ ነው የተናገረው።

ሰብለወንጌል በሩን ከፍታ «ልጅቷ ሰው ማየት አትፈልግም» ብላ መልሳ ዘጋችው። እዚያው ሰፈር አልጋ ያዝኩ። በማግስቱ ጠዋት ሎዛ ብቻዋን ወጥታ ወደ ባጃጅ ተራው ስትሄድ አየኋት። ነጠላዋን በግማሽ ፊቷ ላይ አድርጋለች። አረማመዷ ተለውጧል፤ መንገድ ልታቋርጥ ስትል ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ እንደ ወፍ። ሥጋ ቤቱ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ በቀኟ በኩል። እጄን ብዘረጋ ነጠላዋን እይዘው ነበር። ሰዓቱን ጨብጬ ነው የቆምኩት። አየችኝ፣ አላየችኝም፣ አላወቅሁም። አይታኝ ያለፈች መሰለኝ። እንደዚያ ማለፍ ይገባታል ብዬ ዝም አልኩ። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሄደች።

የሺ፣ የእንዳለ ዓይን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ደስ ብሎኝ እኖር ነበር። ይህን አልደብቅሽም፤ አሁን መደበቅ ምን ያደርግልኛል። ግን እሷን እኮ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂልኝ። አይታኝ እንደሆነ ብቻ። ሌላ አልለምንሽም።

ጌትነት


አሶሳ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባቴና ለእናቴ

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ለሁለታችሁም ልኬዋለሁ። አንዳችሁ ለሌላችሁ እንድታነቡት አልፈልግም።

ደህና ነኝ። ቁስሉ ደርቋል። ሐኪሙ የመስታወት ዓይን ይገባልሻል ብሎኛል። ውጤቴ ጥሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ጋሽ ሙዐዊያ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። ከባዱን ጠመንጃ በነፃ ልስጥህ፣ በግራህ ትለምዳለህ አለኝ። እጁን ሳምኩት፤ ጠመንጃውን ግን አልፈለግሁም። በር ሲንኳኳ እንኳ እደነግጣለሁ።

እማዬ፣ ከቤት የወጣሁት አኩርፌ እንዳልሆነ ለእንዳለ ነግረሽዋል። አኩርፌ ነው። ጅማ ላይ አባ ተሳስቶ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ፣ አዎ እንድትይኝ ነበር የጠየቅሁሽ። ቀጥታ ብጠይቀው ይዋሽ ነበር ብለሻል። ይዋሽ ነበር። እኔም ውሸቱን አምኜ፣ አንድ ዓይን ጠፍቶብኝ አባት ኖሮኝ እኖር ነበር። አሁን ሁለቱም የሉኝም። እውነቱን ያወጣሽው ለእኔ ብለሽ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ትጠይቂኝ ነበር። ለመንደሩ ስታነቢው ድምፅሽ አልጠፋብኝም፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ድምፅሽ ውስጥ ደስታ ነበረበት። ጋሽ ሙዐዊያን ነፃ ለማውጣት አንድ መስመር ይበቃ ነበር፤ አንቺ ግን ሁሉንም አነበብሽው። አሁን ባምባሲ ስሄድ ሰው የሚያየኝ አባቷ ዓይኗን ያጠፋባት ልጅ እያለ ነው። ስለዚህ አልመጣም። አንቺም አትምጪ።

አባዬ፣ ለአንተ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ለእማዬ ነው፣ ለእንዳለ ነው ብለህ የጻፍከውን ሁሉ አስቤዋለሁ። ለእነሱ ቢሆን ኖሮ ስቀህ ትረሳው ነበር፤ እኔም በጥምቀት መንገድ ላይ ጠብቄህ ሰዓቱን አስሬ ስሜህ እመለስ ነበር። ምንም ሳላውቅ። ይህን ሳስብ ከዓይኔ በላይ ያመኛል።

እማዬ ደብዳቤህን ልካልኝ የጠየቅኸውን አንብቤያለሁ። አላየሁህም። በቀኜ በኩል ምንም አላይም፤ ሰው ሲገፋኝ ብቻ ነው መኖሩን የማውቀው። ያን ቀን ጠዋት ስሜን ብትጠራኝ ኖሮ እዞር ነበር።

ሎዛ